ካርድ ክፍል መሥራት ለምትፈልጉ

በባሕር ዳር ሹም አቦና አካባቢው ያላችሁ ወጣቶች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ በአጭሩ ልመልስ።

📌 ትምህርት፦ በመንግሥት ጤና ተቋማት የታካሚ መዝገብ በአብዛኛው የጤና መረጃ ቴክኒሺያን (ኤችአይቲ) ሥራ ነው። ኮሌጅ ተምራችሁ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ማለፍ አለባችሁ። የግል ክሊኒኮች ለእንግዳ መቀበያ በሴክሬታሪነት ወይም በአይሲቲ የተማረም ይቀጥራሉ።

📌 ካርድ፦ አንድ ታካሚ በአንድ ተቋም አንድ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል። ካርዱ ጠፋ ተብሎ አዲስ ከተከፈተ ሐኪሙ የቀድሞውን ምርመራም ሆነ የመድኃኒት አለርጂውን አያይም። መጀመሪያ በስም ማውጫው ፈልጉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒዩተር ሁለት ሰው ስለሆኑ ስም ከነአያት፣ ዕድሜና ስልክ አመሳክሩ።

📌 የጤና መድን፦ መታወቂያው መታደሱን እዩ። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የተላከ ታካሚ የሪፈር ወረቀቱን ይያዝ። ሰነድ ከጎደለ ታካሚው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

📌 ቀጠሮ፦ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን «ከጠዋቱ 3፡00» ብላችሁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል በቃል ድገሙለት።

📌 ምስጢር፦ የጎረቤታችሁ ካርድ እጃችሁ ቢገባ ለቤተሰብም አይነገርም።

ሥራ እስክትጀምሩ አማርኛ መተየብና ኤክሴል ተለማመዱ። ለተግባር ልምምድ ስትመደቡም ካርድ ክፍል ግቡ።