«የመጀመሪያ ደረጃ» ያልሆነው «ፕራይመሪ»፦ ስለ ሁለት ተመሳሳይ ሕመሞች ስያሜ

የሕክምና ስያሜዎችን ወደ አማርኛ በምንመልስበት ጊዜ የቃሉን ፍች ብቻ ሳይሆን፥ ቃሉ የሚለየውን ነገር ጭምር መመርመር ይገባናል። ለዚህም ሁለት የአንቀሳቃሽ ነርቭ ሕመሞችን በምሳሌነት እናቀርባለን።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1874 የተጠቀመበት «አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክሌሮሲስ» የተሰኘው ስም ፍችው ጡንቻ ምግብ ማጣቱንና ጎን መጠጠሩን የሚያመለክት ነው። «ጎን» የተባለውም የኅብለ ሰረሰር ጎን እንጂ የበሽተኛው ጎን አይደለም። በዚህ ሕመም ከአንጎል የሚወርዱት ላዕላይ የነርቭ ሕዋሳትም፥ ወደ ጡንቻ የሚዘልቁት ታሕታይ ሕዋሳትም ይጎዳሉ። በ«ፕራይመሪ ላተራል ስክሌሮሲስ» ግን የሚጎዱት በዋናነት ላዕላዮቹ ናቸው፤ ሕመሙም ባመዛኙ በዝግታ ይሄዳል።

ሁለቱ ሲጀምሩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የባለሙያዎች መስፈርት፥ ሁለተኛው ሕመም በእርግጠኝነት እንዲሰየም ታሕታዮቹ ጉልህ ጉዳት ሳይደርስባቸው ቢያንስ 4 ዓመት ማለፍ እንዳለበት ይገልጻል። ይህን ጥበቃ ለማሳጠር ተመራማሪዎች በአንጎል ምስል ለመታገዝ ይጥራሉ። የተለመደው ኤም አር አይ የሚጠቅመው በተለይ ሌላ ምክንያትን፥ ለምሳሌ በአንገት በኩል የኅብለ ሰረሰርን መጨቆን፥ ለይቶ ለማውጣት ነው። በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የውኃን እንቅስቃሴ የሚለካው ዓይነት ደግሞ የላዕላዮቹን መንገድ ጉዳት ሊያሳይ ይችላል። ሆኖም መንገዱ በሁለቱም ሕመሞች ስለሚጎዳ ምስሉ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ የታሕታዮቹን ሁኔታ ለማወቅ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልጋል።

እንግዲህ «ፕራይመሪ» የሚለው «የመጀመሪያ ደረጃ» ተብሎ ቢተረጎም፥ በሽተኛው ሕመሙ ገና ጅምር እንደሆነና ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንደሚሸጋገር ይረዳል። ቃሉ ግን በሌላ ሕመም ሳቢያ ያልመጣ ማለት ነው። «ቀዳማዊ»ም «ዳግማዊ»ን ስለሚያስጠብቅ ችግሩን አያቃልልም። ስለሆነም ለፊተኛው «ጡንቻ አመንማኝ የኅብለ ሰረሰር ጎን ጥጥረት»፥ ለኋለኛው «ራሱን የቻለ የኅብለ ሰረሰር ጎን ጥጥረት» የሚሉትን ለውይይት እናቀርባለን። ስሞቹ ቢረዝሙም አያሳስቱም።

በተመሳሳይ መንገድ፥ የምስል መግለጫ ግኝቱ ከሕመሙ ጋር «ይጣጣማል» ሲል ተርጓሚው «ያረጋግጣል» ማለት የለበትም። ሐኪሙ በጥንቃቄ ክፍት የተወውን በር ቃላችን ሊዘጋው አይገባም።