ለበገና የሚሆን ኢኳላይዘር

በገና የሚቀዳ ሰው ኢኳላይዘር ለመግዛት ሲነሳ አስቀድሞ እንዝራውን ይስማ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባዋ ይህች ቁራጭ ቆዳ ናት በገናን ከሌላው የምትለየው። አውታሩ ሲርገበገብ እየነካካት ያንን ንዝረት ታወጣለች። የአውታሩ ድምፅ ራሱ ወፍራም ነው፤ ንዝረቱ ግን ወደ ቀጭኑ ድምፅ ርቆ ይወጣል። ቀጂው ጉድለት መስሎት ላይኛውን ቢቀንስበት አሥሩም አውታር ባሉበት በገናው ይጠፋል።

መስቀል ፍላወር ውስጥ ከመኖሪያ ግቢ አንዱን ክፍል ስቱዲዮ ያደረገ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ግድግዳና ግድግዳው 3 ሜትር ከተራራቀ፣ በ57 ሄርዝና በእጥፉ በ114 ሄርዝ ገደማ ድምፁ ያብጣል። አንዳንዱ የበገና ምት ገዝፎ ሌላው የሚሰንፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መጀመሪያ የማይክሮፎኑንና የደርዳሪውን ቦታ መቀየር፣ ግድግዳውንም ድምፅ በሚውጥ ነገር መሸፈን ይገባል። የቀረውን እብጠት ለይቶ ለመቀነስ የሚሻለው ፓራሜትሪክ የሚባለው ዓይነት ነው። የትኛው ድምፅ፣ ምን ያህል ስፋት፣ ምን ያህል መጠን የሚለውን በየራሱ ማዞሪያ ያስመርጣል፤ እንዝራውን ሳይነካ እብጠቱን ብቻ ያነሳል። የድምፅ መሐንዲሱ ጆርጅ ማሰንበርግ ስለዚህ አሠራር ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው ፑልቴክ የሚባለው ኢኳላይዘር ሥራው ሌላ ነው። ኩርባው ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ለዘፋኝ ድምፅ እጅግ ደስ ይላል። ለከበሮ ደግሞ እኔ የምወድለት ነገር አለ፦ በታችኛው ድምፅ መጨመሪያውንና መቀነሻውን አንድ ላይ ማዞር ይቻላል። ሁለቱ ኩርባዎች ልክ በልክ ስለማይገጥሙ፣ የከበሮው ሥር ይወፍርና ከበላዩ ያለው ድፍርስ ይጠራል። ኒቭ 1073 የሚባለው ኢኳላይዘር ደግሞ ከማይክሮፎን ማጉያው ጋር አብሮ ስለሚመጣ አንድ ዕቃ ብቻ ለሚገዛ ይመቻል። የመሐሉ ድምፅ ግን በ6 የተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው የሚነካው፤ ስፋቱንም መምረጥ አይቻልም። ለበገና ብዬ ቀድሜ አልገዛውም።

ሙሉ ሚክስ ለማሳለፍ ሁለት ተመሳሳይ ቻናል ያስፈልጋል። እርከን እርከን እያለ የሚዞር ማዞሪያ ያለውን ብትመርጡ የግራና የቀኙን ማስተካከል፣ ቁጥሩንም ጽፎ ነገ እዚያው መመለስ ይቀላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ እዩ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። መቀየሪያ ከሌለው አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር፣ ከፊቱም ስታብላይዘር ያስፈልገዋል። ግራውንዱ ካልተስተካከለ የሚመጣውን የ50 ሄርዝ እምምታም በኢኳላይዘር ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ የበገናው ወፍራም ድምፅ አብሮ ይቆረጣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

በቀረጻ ሰዓት ደግሞ እጅ ይሰብሰብ። በኢኳላይዘር አልፎ የተቀዳውን መልሶ ማጥራት አስቸጋሪ ነው፤ ደርዳሪው ግን ገና ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ማይክሮፎኑን አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጎ እንደገና መስማት ይቻላል።