ቅቤ፣ ዘይትና ስብ፦ የፈረንሳይ ምግቦች ካርታ ለልጆች

ልጆች፣ የፈረንሳይን ካርታ ፊታችሁ ዘርጉ። ቅርጿ ስድስት ጎን ያለው ስለሚመስል ፈረንሳዮች ራሳቸው አገራቸውን «ባለ ስድስት ጎን» እያሉ ይጠሯታል። በምዕራብ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በደቡብ የሜዲትራኒያን ባሕር ያዋስኗታል። በምሥራቅ የአልፕስ፣ በደቡብ ምዕራብ የፒሬኔ ተራሮች ቆመዋል። ስፋቷ የኢትዮጵያን ግማሽ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር የሚኖረው ፈረንሳዊና ተራራ ላይ የሚኖረው ፈረንሳዊ ሲበሉት የኖሩት ምግብ ለየቅል ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ድሮው ዘመን እንመለስ። ማቀዝቀዣም የጭነት መኪናም አልነበረም። ሰው የሚበላው በማሳው የበቀለውን፣ በመስኩ ያረባውን፣ በባሕሩ ያጠመደውን ብቻ ነበር። የበረዶው ወራት ሲመጣ ደግሞ መሬቱ ስለማያበቅል፣ በሙቀቱ ወራት የተገኘውን ወተት፣ ሥጋና አትክልት ሳይበላሽ የሚያቆይበት ዘዴ መፈለግ ነበረበት። የፈረንሳይ ባህላዊ ምግቦች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚህ ብልሃት ነው።

ካርታውን ለማንበብ አንድ ምልክት ያግዘናል፤ እሱም ድስቱ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ቅባት ነው። በሰሜንና በምዕራብ ዝናብ ስለማይጠፋ መስኩ ለምለም ነው፤ ላም ይረባበታል፣ ሰውም በቅቤ ያበስላል። ፀሐያማው ደቡብ የወይራ ዛፍ አገር ስለሆነ በወይራ ዘይት ያበስላል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዳክዬና ዝይ በብዛት ስለሚረቡ ምግቡ በእነሱ ስብ ይሠራል። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሁሉም ቤት የማይጠፋው ዳቦ

ሰሜንና ደቡብ፣ ተራራና ባሕር ሳይል በሁሉም ገበታ ላይ የሚቀርበው ባጌት የሚባለው ቀጭን ረጅም ዳቦ ነው። ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 250 ግራም ገደማ ይሆናል። ቅርፊቱ ሲነከስ ይሰበራል፤ ውስጡ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ፈረንሳዮች ለዚህ ዳቦ ሕግ አውጥተውለታል። በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት «የፈረንሳይ ባህላዊ ዳቦ» ተብሎ የሚሸጠው የሚሠራው ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው፤ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ኬሚካል አይጨመርበትም፣ ሊጡም በረዶ አይሆንም። በፓሪስ በየዓመቱ የባጌት ውድድር ይካሄዳል። ያሸነፈው ጋጋሪ ለፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ለአንድ ዓመት ዳቦ ያቀርባል። በ2022 ዩኔስኮ የባጌትን አጋገር ጥበብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

የቅቤው አገር

ከሰሜን ምዕራብ ጫፍ እንጀምር። ብሬታኝ በሦስት ጎን ባሕር የከበባት፣ አፈሯ ለስንዴ እምብዛም የማይመች ምድር ናት። ስለዚህ ገበሬዎቿ በስስ አፈር ላይ ፈጥኖ የሚደርስ ሳራዜን የተባለ ተክል ይዘሩ ነበር። ከዱቄቱ ጋሌት የሚባል ስስ ቂጣ ይጋገራል። ሊጡ ከክብ ብረት ምጣድ ላይ ሲፈስና ሲዘረጋ ብታዩ እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር ትዝ ይላችኋል። መሃሉ ላይ እንቁላልና አይብ ተደርጎ ጎንና ጎኑ ይታጠፋል። ከስንዴ ዱቄት የሚሠራው ጣፋጩ ወንድሙ ደግሞ ክሬፕ ይባላል።

የብሬታኝ ቅቤ ጨው ያለበት ነው፤ ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። በነገሥታቱ ዘመን በአብዛኛው የፈረንሳይ ክፍል በጨው ላይ ከባድ ግብር ይከፈል ነበር። ብሬታኝ ግን ከዚያ ግብር ነጻ ስለነበረች ሰዉ ቅቤው እንዳይበላሽበት ጨው እንደ ልቡ ይጨምርበት ነበር። ግብሩ ከቀረ ዘመናት ቢያልፉም ጣዕሙ እስከ ዛሬ አለ።

ጎረቤቷ ኖርማንዲ የላምና የፖም አገር ናት። ምግቦቿ ክሬም፣ ቅቤና ፖም ይበዛባቸዋል። ካማምቤር የተባለው ክብና ለስላሳ አይብ የዚሁ ምድር ልጅ ነው። በአካባቢው እንደሚተረከው በ1791 ማሪ አሬል የተባለች ገበሬ አሠራሩን ከአንድ ቄስ ተምራ አሻሻለችው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ቀጭን የእንጨት ሳጥን ሲሠራለት በባቡር ሩቅ አገር መድረስ ቻለ።

ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ሊል ከተማ ስንወጣ ድንች ይነግሣል። የተጠበሰ ድንች ሙል ከሚባሉ የባሕር ዛጎሎች ጋር ይቀርባል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሚውለው የከተማዋ ታላቅ ገበያ ምግብ ቤቶቹ ባዶውን ዛጎል ደጃፋቸው ላይ ይከምሩታል። ነገር ግን ፈረንሳዮች ድንችን ለረጅም ጊዜ ለሰው የማይሆን የአሳማ መኖ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ሐሳባቸውን ለመለወጥ ብዙ የደከመው አንቷን ፓርማንቲዬ የተባለ የጦር ሠራዊት መድኃኒት ቀማሚ ነው። በጦርነት ተማርኮ በፕሩሲያ እስር ቤት ሳለ የተመገበው ድንች ነበር፤ እንዳልጎዳውም በራሱ አየ። ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ድንች መመራመርና መስበክ ጀመረ፤ በ1772 የፓሪስ ሐኪሞች ድንች ለሰው እንደሚሆን መሰከሩ። የተፈጨ ሥጋ ላይ የተቀቀለና የተደፈጠጠ ድንች ተደርቦ የሚጋገረው ምግብ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የፈረንሳይ ልጆች በጣም ይወዱታል።

በምሥራቅ ድንበር ላይ ያለችው አልዛስ ከጀርመን ጋር ትጎራበታለች፤ ከ1871 እስከ 1918 በጀርመን ሥር ነበረች። ስለዚህ ገበታዋ የሁለቱንም አገር ጣዕም ይዟል። ሹክሩት የሚባለው ምግቧ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን በጨው ታሽቶ፣ ሳምንታት ቆይቶ ሲኮመጥጥ የሚገኝ ነው። የሚበላው ከድንች፣ ከቋሊማና ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ድሮ በበረዶው ወራት ትኩስ አትክልት ሲጠፋ ሰዎች በቫይታሚን ሲ እጥረት ይታመሙ ነበር፤ ይህ ጎመን ግን ቫይታሚኑን ይዞ ስለሚቆይ ታድጓቸዋል። ከአልዛስ ቀጥላ የምትገኘው ሎሬን ደግሞ በኪሽ ትታወቃለች። ኪሽ በእንቁላል፣ በክሬምና በአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ የሚሞላ ክፍት ፓይ ነው።

ወተት የሚያድርባቸው ተራሮች

ተራራ ላይ ስንዴ አይመችም፤ ሣር ግን ሞልቷል። ላሞች በሙቀቱ ወራት ብዙ ወተት ይሰጣሉ፤ ወተት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ የተራራ ሰዎች ወተቱን ወራት የሚቆይ ጠንካራ አይብ ያደርጉታል። በዡራ ተራሮች የሚሠራው ኮምቴ አንዱ ድቡልቡል 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለእሱም 400 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ ይህን ሁሉ ወተት ብቻውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የመንደሩ ገበሬዎች ወተታቸውን በአንድ ቤት እያጠራቀሙ በኅብረት ሲሠሩ ኖረዋል። አይቡ ቢያንስ ለአራት ወር በቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ሳይበስል ለገበያ አይወጣም።

በአልፕስ ያለችው ሳቩዋ ሬብሎሾን የሚባል አይብ አላት። የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት ድሮ ገበሬው ለባለ ርስቱ የሚከፍለው በታለበው ወተት ልክ ነበር። ገበሬውም ተቆጣጣሪው ሲመጣ ላሞቹን ግማሽ በግማሽ ብቻ ያልባል። ሰውዬው ሲሄድ እንደገና ያልብና በዚያ ወፍራም ወተት ለራሱ አይብ ይሠራል። በዚሁ አገር በብርድ ሌሊት ቤተሰብ አንድ ማሰሮ ከቦ፣ ቁራሽ ዳቦ በሹካ እየነከረ ቀልጦ የሚፈላ አይብ ይበላል። ይህ ፎንዲዩ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሮክፎር ነው። በማዕከላዊው ደቡብ የሚገኝ፣ ከበግ ወተት የተሠራ፣ ሰማያዊ ሻጋታ የተዘራበት አይብ ነው። የሚበስለው ሮክፎር በሚባለው መንደር ዋሻዎች ውስጥ ነው። በተራራው ስንጥቆች የሚገባው ቀዝቃዛና እርጥብ ነፋስ ለሻጋታው ይስማማዋል። ይህ ሻጋታ አይጎዳም፤ ማንኛውም የሻገተ ነገር ይበላል ማለት ግን አይደለም። በ1925 የወጣ ሕግ በዚያ ስፍራ ያልበሰለ አይብ ሮክፎር ተብሎ እንዳይጠራ ከልክሏል። ዛሬ ብዙ የፈረንሳይ አይቦች፣ ቅቤዎችና ፍራፍሬዎች እንዲህ ያለ ጥበቃ አላቸው።

የሊዮን እናቶች

ሁለቱ ታላላቅ ወንዞች፣ ሮንና ሶን፣ በሚገናኙበት ቦታ የተሠራችው ሊዮን የምግብ መዲና ተብላ ትታወቃለች። በስተ ሰሜኗ ቡርጎኝ አለች፤ ቡርጎኝ በወይን ጠጅ ቀስ ብሎ በሚበስል የበሬ ሥጋ፣ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት በሚሠራ ቀንድ አውጣ፣ በዲዦን ከተማ ሰናፍጭም ትታወቃለች። በሊዮን አቅራቢያ የሚገኘው የብሬስ ዶሮ ላባው ነጭ፣ እግሩ ሰማያዊ፣ ጉትዬው ቀይ ነው፤ የፈረንሳይን ባንዲራ ቀለማት አሟልቶ ይዟል።

ሊዮንን ያስከበሯት «እናቶች» ተብለው የሚጠሩ ሴት ወጥ ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ በሀብታም ቤት ተቀጥረው ያበስሉ የነበሩ፣ በኋላ የራሳቸውን ምግብ ቤት የከፈቱ ናቸው። ከሁሉ የላቀችው ኤውዤኒ ብራዚዬ በ1895 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች፤ በልጅነቷ እናቷ ስለሞተችባት በሰው እርሻ ላይ እየሠራች አደገች። በ1921 በሊዮን ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች፤ ኋላም ሁለተኛ ጨመረች። በ1933 ሁለቱ ምግብ ቤቶቿ ምግብ ቤቶችን ደረጃ ከሚሰጠው ከሚሽላን መጽሐፍ እያንዳንዳቸው ሦስት ኮከብ አገኙ፤ በአንድ ጊዜ ስድስት ኮከብ በመያዝ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ዝነኛው ወጥ ቤት ፖል ቦኩዝ ሙያ ከተማረባቸው ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች።

የወይራ ዘይቱ አገር

ወደ ሜዲትራኒያን ስንወርድ ሽታው ይለወጣል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ በሶብላና የወይራ ዘይት ይነግሣሉ። በማርሴይ ዓሣ አጥማጆች ትላልቁን ዓሣ ሸጠው፣ አጥንት ስለሚበዛው ገዢ ያጣውን ለቤታቸው በአንድ ድስት ይቀቅሉት ነበር። ቡያቤስ የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ መረቁና ዓሣው ለየብቻ የሚቀርብ፣ ዋጋው ውድ የሆነ የክብር ምግብ ሆኗል።

ኒስ ከተማ የራታቱይ አገር ናት። ብርንጃል፣ ዙኪኒ፣ ቲማቲም፣ የፈረንጅ ቃሪያና ሽንኩርት በወይራ ዘይት ቀስ ብለው ይበስላሉ። በ2007 የወጣውን የምግብ ባለሙያዋን አይጥ ፊልም ያያችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። በዚያው ከተማ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃና ከወይራ ዘይት ሶካ የሚባል ስስ ቂጣ በእንጨት ምድጃ ተጋግሮ መንገድ ላይ ይሸጣል። በባሕሩ መካከል ያለችው የኮርሲካ ደሴት ደግሞ ተራራማ ስለሆነች ሰዎቿ የስንዴ እጥረታቸውን ሻቴኝ በሚባል የዛፍ ፍሬ ዱቄት ሲሸፍኑ ኖረዋል።

የዳክዬው አገር

በደቡብ ምዕራብ የዳክዬ ሥጋ በጨው ተይዞ፣ በገዛ ስቡ ቀስ ብሎ በስሎ፣ በዚያው ስብ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ስቡ አየር ስለማያስገባ ሥጋው ወራት ይቆያል። ይህ ሥጋ ከነጭ ቦሎቄና ከቋሊማ ጋር በሸክላ ጻሕል ለሰዓታት ሲበስል ካሱሌ ይሆናል። ካስተልኖዳሪ፣ ካርካሶንና ቱሉዝ የሚባሉት ከተሞች የካሱሌ ባለቤትነት ለእኛ ይገባል እያሉ ይከራከራሉ። በካስተልኖዳሪ እንደሚተረከው ፈረንሳይና እንግሊዝ በተዋጉበት በመቶ ዓመቱ ጦርነት እንግሊዞች ከተማዋን ሲከቡ ነዋሪው የቀረውን ምግብ ሁሉ በአንድ ድስት ቀቅሎ ወታደሮቹን መገበ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ቦሎቄ ወደ አውሮፓ የመጣው ኮሎምበስ በ1492 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያ ጦርነት ደግሞ በ1453 አብቅቷል። እንዲያ ያለ ድስት ተጥዶ ከነበረ ባቄላ እንጂ ቦሎቄ አልነበረበትም። የራታቱይ ቲማቲም፣ የሊል ድንች፣ በባስክ አገር በኤስፕሌት መንደር በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚደርቀው ቀይ በርበሬም እንዲሁ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። በባዮን ከተማ ቸኮሌት የመሥራት ጥበብን ያስተማሩት ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን ከስፔንና ከፖርቱጋል በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰደው የመጡ አይሁዶች ናቸው።

የልጆች ቀኖች

አንዳንድ ምግብ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ሰብአ ሰገል በሚታሰቡበት በዓል፣ «የነገሥታት ኬክ» ይቆረሳል። ውስጡ አንዲት ትንሽ ምስል ተደብቃለች። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እያንዳንዱ ቁራሽ ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ምስሏን ያገኘ የወረቀት ዘውድ ይደፋል። ፌብሩዋሪ 2 የክሬፕ ቀን ነው፤ በአንድ እጅ ሳንቲም ይዞ በሌላው ክሬፑን አየር ላይ የገለበጠ ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል። በደቡቧ ፕሮቫንስ የገና ዋዜማ ላይ 13 ዓይነት ጣፋጭ ይቀርባል፤ ቁጥሩ ክርስቶስንና 12ቱን ሐዋርያት ያስባል።

በአዘቦት ቀንም ሥርዓት አለ። የትምህርት ቤት ምሳ ብዙ ጊዜ በተርታ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ሰላጣ፣ ቀጥሎ ዋናው ምግብ፣ ከዚያ አይብ ወይም እርጎ፣ በመጨረሻም ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ የልጆች መክሰስ ይደርሳል፤ ከሚወደዱት አንዱ ቸኮሌት የተደረገበት ቁራሽ ባጌት ነው። በ1990 የተጀመረ የጣዕም ትምህርትም አለ፤ በየዓመቱ በኦክቶበር ወጥ ቤቶች ወደ ክፍል እየገቡ ልጆችን ያስቀምሳሉ፣ ስለ ምግብም ያስተምራሉ። ዩኔስኮ በ2010 የፈረንሳዮችን የግብዣ ማዕድ ሲመዘግብ ያከበረው አንድን ወጥ ሳይሆን ሰዎች በደስታቸው ቀን ተሰብስበው፣ ተራውን ጠብቀው፣ እየተጫወቱ የመብላት ባህላቸውን ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ የማታውቁት ምግብ ሲቀርብላችሁ ፊታችሁን ከማዞራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የበቀለበት ምድር ምን ይመስላል? ሰዎቹ እንዳይበላሽ ምን አደረጉለት? በውስጡ ካለው ከሩቅ የመጣው የቱ ነው? በቤታችሁ ማዕድ ላይ ያለውንም ለአያቶቻችሁ እንዲሁ ጠይቋቸው። መልሱን ጽፋችሁ አኑሩት፤ የምግብ ታሪክ ጠያቂ ሲያጣ ይጠፋል።