የዳባት መዝገብና የዳባት ጓዳ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ዳባትን ያገኛል። ልቡ ቀድሞ የሰሜን ተራሮች ላይ ስለሚደርስ ብዙው መንገደኛ ከተማዋን በመስኮት አይቷት ያልፋል። የገጠሩን ሰው ኑሮና ጤና በአገራችን ለረጅም ዘመን ሳይታክቱ ከመዘገቡ ጥቂት ተቋማት አንዱ ግን እዚህ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት ምርምር ማዕከል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ይህ ምዝገባ እነሆ አንድ ትውልድ አስቆጥሯል።

ማዕከሉ ሕክምና አይሰጥም፤ ሥራው መመዝገብ ነው። የጥናቱ አካባቢ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን እንዲወክል ተመርጦ፣ በኋላ ላይ አራት የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችን አቅፏል። እያንዳንዱ ቤትና እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር አለው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አገር ለቆ እንደሄደ፣ ማን እንደሞተ ጠይቀው ይጽፋሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም አጠገቡ የለም። ስለዚህ ሐዘኑ ረገብ ሲል ጠያቂው ሟቹን ወዳስታመሙት ሰዎች ይሄዳል። ትኩሳት ነበረው ወይ? ሳሉ ስንት ሳምንት ቆየ? እናቲቱ ስትወልድ ደም ፈሷት ነበር? መልሱ በቅጹ ላይ ይሰፍርና ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሐኪም ይታከላል። ልጇን የቀበረች እናት ያን ሁሉ ጥያቄ ተቀምጣ የምትመልሰው ለሌሎች ልጆች ይጠቅማል ብላ ነው። የዳባት ሰው ለሳይንስ የሰጠው ስጦታ ቀላል እንዳልሆነ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሥራ ከጎንደር መውጣቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው፣ ሕሙማን እስኪመጡ ሆስፒታል ውስጥ ከመጠበቅ ይልቅ ባላገሩ መንደር ድረስ እንዲወርዱ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው፤ የዳባትም መዝገብ የዚያ ልማድ ልጅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከዳባት የተሰበሰበው እውቀት የት ደረሰ? አብዛኛው በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ላይ ታትሟል። ጥቂት የማይባለው በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል። የጎንደር ተማሪና መምህር ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር በጀመረው ሂናሪ በተባለ አገልግሎት አማካይነት ውድ የሕክምና መጽሔቶችን ማንበብ ይችላል። ለተመራማሪው በሩ ክፍት ነው። ለዳባት እናት ግን ያው ወረቀት ባልተማረችው ቋንቋ ተቆልፎባታል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በዳባት ወረዳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ እንቅርትን መርምሮ፣ አዮዲን የሌለው ጨው መጠቀምና የምግብ ዓይነት ማነስ ከበሽታው ጋር እንደሚገናኙ አሳይቷል። ዝናብ አፈሩን ለብዙ ዘመን ባጠበው ደጋ አዮዲን ይሳሳል፤ እህሉም ያንኑ ይወርሳል። መንግሥት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ግን ጨው ቤት ከገባ በኋላ ያለውን አይቆጣጠርም። ጨው ምድጃ ዳር ክፍቱን ከተቀመጠ፣ ፀሐይና እርጥበት ካገኘው አዮዲኑ ይቀንሳል፤ ወጡ ገና ሲጣድ ከተጨመረም ከፊሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የዳባት ልጆች አንገት ተዳሶ የተገኘ እውቀት ስለሆነ ከማንም በፊት የዳባት ጓዳ መግባት ነበረበት። በሕፃናት ላይ ስለተጠናው የቫይታሚን ኤ እጥረትም እንዲሁ ማለት ይቻላል፤ እጥረቱ የሚያመጣውን ዳፍንት የሚያውቅ ሰው ስለ ጎመንና ስለ እንቁላል ቢነገረው ለምን እንደተባለ ለመረዳት አይቸገርም።

ወደ ጓዳ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ይመደባሉ፤ መጀመሪያ ላይ የተመለመሉት ከዚያው አካባቢ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ነበሩ፤ ሥራቸውም በ16 ፓኬጆች ተከፍሎ ነበር። ጤና ኬላቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ ልብ ብሎ ያየ ሰው ቤተ መጻሕፍት የገባ ሊመስለው ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር አለ፤ በውስጡ የቤቱ ሰዎች ስም፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱና ስለሚጠጡት ውኃ የተመዘገበ መረጃ፣ የእናቲቱና የሕፃኑ ካርድ አለ። አጠገቡ ቲክለር የሚባል ሳጥን ይቀመጣል፤ ካርዶቹ ቀጠሮ በሚደርስበት ወር ተራ ይሰደራሉ። ወሩ ሲገባ ባለሙያዋ የዚያን ወር ካርዶች ታወጣለች፦ ክትባት የደረሰው ሕፃን፣ የመውለጃዋ ጊዜ የቀረበ ነፍሰ ጡር፣ ለእርግዝና መከላከያ የተቀጠረች እናት። ያልመጣችውን ቤቷ ድረስ ትሄድባታለች። አንባቢውን ፈልጎ የሚሄድ መደርደሪያ በብዙ አገር አይገኝም።

ይሁንና የሁለት ሴቶች ትከሻ ሁሉን አይችልም። የዘመድ ልጅ ለሆነች ባለሙያ የማይነገር ጥያቄ አለ፤ ጎረምሳው ስለ አባላዘር በሽታ፣ ባልቴቷ ስለ ማሕፀኗ፣ ወንድሙ በሚጥል በሽታ የሚሠቃይበት ሰው ስለ ኪኒን ይጠይቅ ዘንድ ከዓይን ራቅ ያለ ቦታ ይሻል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባትና ደባርቅ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ የተፈናቀለ ቤተሰብ ማኅደሩ አብሮት አይሰደድም። በዳባት ወረዳ በአለምዋጭ የተጠለሉት ኤርትራውያን ስደተኞችም ትግርኛ አንባቢዎች ናቸው፤ የአማርኛው ፖስተር ለብዙዎቹ አይናገርም።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን፣ እኛኑ አገልግሎ የሚያውቅ ልምድ አለ፤ ያለው ግን አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። ኤትኖሜድ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ሃርበርቪው ሆስፒታልና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የጀመሩት ነው። ስደተኞች ስኳር በሽታን፣ ሳንባ ነቀርሳንና እርግዝናን የሚመለከት ጽሑፍ በገዛ ቋንቋቸው እንዲያገኙ ያደርጋል፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ከነዚህ መካከል ናቸው። ለሐኪሙ ደግሞ የታካሚውን ባህል፣ ጾሙንና አመጋገቡን ያስረዳዋል። የቤተ መጻሕፍት ሰው ጽሑፉን ያደራጃል፣ ሐኪም ያርማል፣ ማኅበረሰቡን የሚያውቅ አስተርጓሚ ቃሉ ለሰሚ ይገባ እንደሆነ ይመሰክራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሜድላይን ፕላስ የተባለው ገጽም በአማርኛ የተዘጋጁ የጤና ጽሑፎችን አሰባስቧል። ሲያትል ያለች ጎንደሬ ስለ ደም ግፊቷ በአማርኛ እያነበበች ዳባት ያለች እህቷ የማታገኝበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

በአገራችን ቤተ መጻሕፍትን ወደ ሰው ማድረስ የተሞከረ ነገር ነው። ኮድ ኢትዮጵያ በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ደግፏል፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረተው ኢትዮጵያ ሪድስ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ለልጆች አድርሷል። ለጤናም ቢሆን ይህን ያህል ውድ ነገር አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ለጤና ይስጥ። እዚያ የሚቀመጥ ወረቀት ሁሉ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመና ከሚሸጠው መድኃኒት የሚያተርፍ ሰው እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ይታይበት። በየስልኩ የሚመጣውን «ስኳርን በሦስት ቀን የሚያጠፋ ቅጠል» ተማሪው በነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች እንዲመዝን ይለማመድ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በሽታ አትመርምር፣ ኪኒን አትዘዝ፤ ትክክለኛውን ገጽ ታሳይ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ወደ ጤና ጣቢያው ትላክ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጃቸው አለች፤ ጮክ ብላ ታንብብላቸው።

ከዩኒቨርሲቲው የምንጠብቀው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ድካም ነው። በዳባት ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሉ ሲጠናቀቅ በአማርኛ፣ ለአለምዋጭ ደግሞ በትግርኛ፣ አንድ ገጽ ይጻፍለት፤ ምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተገኘ፣ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል። ገጹ በጤና ኬላው፣ በትምህርት ቤቱና በሰንበት ትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። መረጃ ሰብሳቢውም በሚቀጥለው ዙር ያቺን በር ሲያንኳኳ፣ ከሚሞላው ቅጽ ጋር ካለፈው ዙር የተገኘውን አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ።