የብሔራዊ ባንክ ሥልጣን ሐዋሳ ድረስ እንዴት ይደርሳል?

የሲዳማ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዕቃው ጉምሩክን ከማለፉ በፊት የባንክ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የውጭ ምንዛሪን የመቆጣጠር ሥልጣን በሕግ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ነጋዴው ግን አዲስ አበባ ያለውን የብሔራዊ ባንክ ሕንፃ ሳይረግጥ ፈቃዱን ደንበኛ ከሆነበት ንግድ ባንክ ይወስዳል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚያሰፋ ድርጅትም ጨርቅና ክር ሲያስገባ እንዲሁ ነው። ንግድ ባንኩ እዚህ ላይ ሁለት ሰው ነው፦ በአንድ በኩል አትራፊ ድርጅት፣ በሌላ በኩል የተቆጣጣሪው ወኪል።

እንዲህ ያለ አሠራር ያስፈለገው ተቆጣጣሪው ባንክና ንግድ ባንኩ ስለተለያዩ ነው። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር፤ ገንዘብ ያሳትማል፣ ብድርም ይሰጣል። በዚያ ዓመት ሥራው ለብሔራዊ ባንክና ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተከፈለ። በ1986 ዓ.ም. ለግል ባንኮች በር ሲከፈት ደግሞ ውክልናውን የሚቀበሉት ወገኖች በዙ።

ውክልናው በቃል የሚሰጥ አይደለም። የትኛው ሰነድ ታይቶ ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ የሽያጩ ገንዘብ ተመልሶ መግባቱን ማን እንደሚከታተል፣ ለብሔራዊ ባንክ ምን ሪፖርት እንደሚላክ በመመሪያ ይወሰናል። ባንኩ ፈቃድ ሰጥቶ ዶላሩ ሳይገባ ቢቀር ተጠያቂው ላኪው ብቻ አይሆንም፤ ባንኩም ለምን ዝም እንዳለ ይጠየቃል። የብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪዎች ሪፖርቱን ያነባሉ፣ መዝገቡንም ቦታው ድረስ ሄደው ይመረምራሉ። ምርመራው ከላላ ውክልናው ለባንኩ የራሱ ገበያ ማድለቢያ ይሆናል፤ ፈቃድ ሰጪውም ተጠቃሚውም አንድ ነውና። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የማይወከል ሥልጣንም አለ። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሐዋሳ የሆነው ኦሞ ባንክና ሲዳማ ባንክ ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋምነት ወደ ባንክነት ሲያድጉ ፈቃዱን የሰጣቸው ራሱ ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንክ ማቋቋምን መፍቀድ፣ ፈቃድ መሰረዝ፣ መመሪያ ማውጣት ለሌላ እጅ አይተላለፍም።

ውክልናን ከመልቀቅ መለየትም ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብሔራዊ ባንክ ተመን የመወሰኑን ሥራ ለባንኮች በውክልና አልሰጠም፤ ለገዢና ለሻጭ ድርድር ተወው እንጂ። ፈቃድ መስጠት ግን አሁንም በስሙ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሲፈልግ ያጠብቀዋል፣ ሲፈልግ ይወስደዋል።

ሰንሰለቱ ከባንኩም ወደ ታች ይወርዳል። ሐዋሳ ውስጥ አቶቴ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያለ ባለሱቅ የባንክ ወኪል ሆኖ ገንዘብ ሊቀበልና ሊከፍል ይችላል። ባለሱቁን የሚመለምለው ባንኩ ነው፤ በወኪልነቱ ለሚሠራው ሥራም ኃላፊነቱ በባንኩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ ሲጎድል «ወኪሉን ጠይቅ» የሚል መልስ አይበቃም።

በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚቆጥቡ የሐዋሳ ነዋሪዎች ግን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ናቸው። እነዚህ ማኅበራት የሚመዘገቡትና ኦዲት የሚደረጉት በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ሕጋቸውም አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ማኅበሩ ውስጥ ችግር ሲፈጠር ወደ ብሔራዊ ባንክ መሮጥ ጊዜ ማባከን ይሆናል፤ ባንክ ላይ ቅሬታ ያለው ደንበኛ ግን መጀመሪያ ለባንኩ በጽሑፍ ያመለክታል፣ መልሱ ካላረካው ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። በየባንኩ መስኮት አጠገብ «ይህን አገልግሎት የምንሰጠው በብሔራዊ ባንክ ውክልና ነው፤ ቅሬታ ካለዎት እዚህ ያቅርቡ» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢለጠፍ ወጪው ትንሽ ነው።