ከልብ ሕመም በኋላ ጉልበት እንዳይከዳ

ከእንፍራንዝ ወይም ከዙሪያዋ ገጠር አንድ አዛውንት ልባቸውን ታመው ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው ሲመለሱ፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያነጥፈው አልጋ ነው። «አባቴ፣ ምንም አይንኩ፤ ይረፉ» ይባላሉ። ውኃውም ምግቡም እዚያው ይቀርባል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሰማንያ የተጠጋ ሰው ለሳምንታት ከአልጋ ካልወረደ፣ ሕመሙ ያስተረፈለትን ጉልበት መኝታው ይጨርስበታል።

አቅመ ደካማነት ከዕድሜ ጋር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዋ ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ አምስት ምልክቶች ለይተውለታል፦ ሳይፈልጉት መክሳት፣ መዛል፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ አረማመድ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱ ከተገኙ ሰውየው አቅመ ደካማ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ ወደዚያው እያመራ ነው። መመርመሪያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አራት ሜትር ለመራመድ ከአምስት ሴኮንድ በላይ መፍጀት፣ ከመደብ ሲነሡ እጅን ጉልበት ላይ ተክሎ መግፋት፣ መቀነቱ ከወትሮው አንድ ዙር መጨመሩ፣ እነዚህን ማንም ልጅ ቤቱ ሆኖ ያያል። እንዲህ ያለ ሰው ልቡ ሲታመም ደረቱን ላያመው ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ መድከም ወይም መቃዠት ብቻ ሊታይበት ስለሚችል «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ጠባብ የልብ ደም ሥር የሚከፈትባቸው ማዕከላት በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፤ ቤተሰብም «ወስደናቸው ቢሆን ኖሮ» እያለ ይጸጸታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የእንግሊዞች ጥናት ግን ደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ባልተዘጋባቸው፣ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሕሙማን ላይ፣ ደም ሥሩን የመክፈት አካሄድ ከመድኃኒት ብቻ ይልቅ ሞትን እንደቀነሰ አላሳየም፤ የቀነሰው ዳግም የልብ ሕመምን ነው። ከዚያ ይበልጥ ለእኛ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2025 ከጣልያን የወጣው ጥናት ነው። አካላዊ አቅማቸው የቀነሰ 512 አረጋውያን ከልብ ሕመም በኋላ በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን የአካል እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ምክርና የግፊት፣ የስኳርና የስብ ክትትል አገኘ። በአንድ ዓመት ውስጥ በልብና ደም ሥር ችግር የሞቱት ወይም ሆስፒታል የተመለሱት ከዚህ ወገን 12.6 ከመቶ፣ ከሌላው 20.6 ከመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለው ክትትል እንደ መድኃኒት ሊታዘዝ የሚገባው ነው።

ሐኪሙ ከፈቀደ የእንቅስቃሴው ጅማሬ ቀላል ነው፦ ግቢ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር ርምጃ፣ ቀጥሎም እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ካዞረ ወዲያው ማቆም ነው። የሚያዞረው አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ነው። ኢናላፕሪልና ሜቶፕሮሎል ግፊትን ያወርዳሉ፤ ስለዚህ አዛውንቱ ከአልጋ ጫፍ ጥቂት ተቀምጠው ይነሡ፤ በተለይ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለሚወስዱ ጥቁር ሰገራ አደገኛ ምልክት ነው። በራስ ፈቃድ ግን መድኃኒት አይቋረጥም።

ምግቡ ላይ የምንበድለው ብዙ ነው። አረጋዊ ከሕመም ሲያገግም በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ቢያንስ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ብቻ ይሰጣል። ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በጾምም የሚገኙ ናቸው፤ ጨው ግን ይቀነስ፤ ኩላሊት የደከመበት ደግሞ የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ለደከመ ሰው አይመችም፤ መድኃኒቱንም ያዛባል። ይህን ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ለሕሙማን ማቅለል በቤተ ክርስቲያን ያለ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ። አካባቢው አዲስ ነገር ለመሞከርም እንግዳ አይደለም፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከእንፍራንዝ ብዙም የማይርቀው ፎገራ ከሙከራ ወረዳዎች አንዱ ነበር። እናቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት የደረሰ ሥርዓት የአዛውንቱን ርምጃ ለመለካትም አያንስም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይጀምረው። እናንተ ልጆች ደግሞ አባታችሁን ከሆስፒታል ስታወጡ «ስንት ርምጃ ይሂዱ? ምን ይብሉ? መቼ ይመለሱ?» ሳትሉ በሩን አትውጡ።