የጭልሞ ደን ባለቤት ማን ነው?

በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ ደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የጭልሞ ደን ይገኛል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት የሚበቅሉበት ይህ ደን በማዕከላዊው የአገራችን ከፍተኛ ምድር ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። የሚገኝበትም ሥፍራ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰን ነው። በአንድ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በሌላው በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዓባይ ይገባል። አዋሽ የቆቃን ግድብ ሞልቶ፣ የስምጥ ሸለቆን እርሻዎች አጠጥቶ፣ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ የጭልሞ ዕጣ ፈንታ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ለመሆኑ ይህን ደን የመጠቀምና የማስተዳደር መብት የማን ነው?

ደንና ውኃ

ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ጠብታዎቹ አፈሩን እየመቱ ይበታትኑታል፤ ደቃቁ አፈርም ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ውኃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በደን ውስጥ ግን ቅጠልና ቅርንጫፍ የጠብታውን ጉልበት ያበርዳሉ፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ይሸፍናል፤ የሥሮች መተላለፊያም ውኃውን ወደ ጥልቁ ይመራዋል። በክረምት የሰረገው ውኃ ምንጮችን በበጋ ይመግባል።

በጊንጪ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ያለው መረሬ አፈር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሸክላማ በመሆኑ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ካበጠ በኋላ ውኃ በቀላሉ ስለማያሳልፍ ማሳው ውኃ ይቋጥራል። ከተራቆተ ተዳፋት ጎርፍ ሲታከልበት የገበሬው ችግር እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ የላይኛውና የታችኛው መሬት በካርታ ላይ ቢለያዩም በውኃ የተሳሰሩ ናቸው።

ባለቤት የሌለው ሀብት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስወግዶ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭልሞም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ቀጥሎም ቅድሚያ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የአገሪቱ ደኖች ጋር ተመደበ። ይሁን እንጂ በደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ በሕግ ፊት የሚታየው እንደ ባለመብት ሳይሆን እንደ አጥፊ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት የጥበቃው ሥርዓት ሲላላ በአገሪቱ ብዙ ደኖች ተጨፈጨፉ። ጠባቂው ሲሄድ «ደኔ ነው» ብሎ የሚቆም ሰው አልነበረምና።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የጋራ ሀብት ሁሉ መጨረሻው ጥፋት እንደሆነ ተከራክሮ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በስዊዘርላንድ የግጦሽ ሥፍራዎችና በስፔን የመስኖ ማኅበራት ላይ ተመሥርታ፣ ተጠቃሚዎቹ ተለይተው የሚታወቁበት፣ ደንቡን ራሳቸው የሚያወጡበትና አጥፊን የሚቀጡበት የጋራ ሀብት ለብዙ ዘመን ሊጠበቅ እንደሚችል አሳየች። ለዚህም ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ለእኛ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር «ቄሮ» በተባለ ባህላዊ ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋና በተወሰነ ጊዜ እየተከፈተ ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ነበር።

ከጥበቃ ወደ ስምምነት

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጭልሞ በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተሞከረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። በቅድሚያ ማን በደኑ እንደሚጠቀም ይጣራል፤ የደኑ ሀብት ከነዋሪው ጋር ይቆጠራል፤ ወሰኑ ይካለላል። ከዚያም ነዋሪዎቹ ተደራጅተው መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፤ ከመንግሥት ጋርም ይፈራረማሉ። የደረቀ እንጨት፣ ሣርና ሌሎች የተፈቀዱ ውጤቶችን ሲጠቀሙ፣ በአንጻሩ ደኑን የመጠበቅ ግዴታ ይገባሉ።

ሕጉ ግን ከተግባሩ ኋላ ቀርቶ ነበር። የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999 ያወቀው የመንግሥትንና የግል ደንን ብቻ ነው። የማኅበረሰብ ደን ራሱን የቻለ የይዞታ ዓይነት ሆኖ በፌዴራል ሕግ የሠፈረው በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። ዛፍ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ነገ እንደማይነጠቅ ያልተማመነ ሰው ደግሞ ዛሬ መቁረጥን ይመርጣል።

በካርታና በሕዝብ መካከል

ይህ መተማመን ሲጎድል ምን እንደሚከተል ምዕራብ ሸዋ በመራር ሁኔታ አይታለች። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማቀናጀት የወጣው ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦና በሌሎች ከተሞች ተቃውሞ አስነሣ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ተቃውሞው ከጊንጪ ተነሥቶ በክልሉ ተስፋፋ። በወቅቱ እንደተዘገበው፣ በጊንጪ ለቁጣው መነሻ ከሆኑት ነገሮች መካከል የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው መባሉ ይገኝበታል። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ ነበር።

ከተሞች ማደጋቸው አይቀርም፤ ዕቅድም ያስፈልጋቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ጥያቄው «የሕዝብ» የሚለው ቃል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ነው። የጭልሞ ታሪክ መልሱን ይጠቁማል፦ የአፈሩን ጠባይ፣ የተዳፋቱን ልክና የውኃውን አቅጣጫ ባለሙያ ሊለካ ይችላል፤ በዚያ መሬት ላይ ማን እንደሚኖርና ምን መብት እንዳለው ግን ነዋሪውን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። ነገ የከተማ ፕላን የምትነድፉ፣ ደን የምትቆጥሩ፣ ሕግ የምታረቅቁ ተማሪዎች ሁሉ፣ በካርታው ላይ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ይህን ጥያቄ አስቀድሙ።